የመርካቶው እና የቃሊቲው ፎልደር ለምን አልገናኝ አለ

ጉዳዩ የአንድ የግንባታ እቃ አስመጪ ድርጅት ነው፣ ስሙን አልጠራም። ቢሮው መርካቶ መጋዘኑ ደግሞ ቃሊቲ ነው። ቢሮ ያለችው ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ዴስክቶፕ አላት፣ መጋዘን ያለው ስቶር ኪፐር ደግሞ ላፕቶፕ አለው፣ ሁለቱም በድርጅቱ አካውንት ዋን ድራይቭ (ፋይል ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ከየኮምፒውተሩ ጋር የሚያመሳስል የማይክሮሶፍት አገልግሎት) ውስጥ ገብተው አንድ ፎልደር ይጠቀማሉ። እቃ ሲገባና ሲወጣ ስቶር ኪፐሩ ኤክሴሉ ላይ ይሞላል፣ እሷ መርካቶ ቁጭ ብላ ታየዋለች፣ በዛ መሠረት ትሸጣለች ደረሰኝ ትቆርጣለች። ቀላል ነገር ነው፣ ሲሠራ ደግሞ በጣም ያምራል፣ በየቀኑ ወረቀት ይዞ ከቃሊቲ መርካቶ የሚመላለስ ሰው አያስፈልግም።

የተጠራሁት ሐምሌ 2016 ላይ ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የእቃ ቆጠራ አልቆ ማስተካከያ የሚሠራበት ጊዜ ስለሆነ ሁሉም ሰው ጭንቅ ላይ ነበር። ቅሬታው «ፎልደሩ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም፣ አሁን ደግሞ ዳታ ማጥፋት ጀምሯል» የሚል ነው። እንዲህ አይነቱ ቅሬታ በጣም አስቸጋሪ ነው ምክንያቱም ጭራሽ የማይሠራ ነገር ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አንዳንዴ የሚሠራ ነገር ግን ልክ ስትመጣ ይሠራና እጅህን አጣጥፈህ ትመለሳለህ።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ብዙ ተሞክሯል። የኢንተርኔት ፓኬጁ ከፍ ተደርጓል፣ ዋን ድራይቭ ጠፍቶ እንደገና ተጭኗል፣ ቃሊቲ ያለው ላፕቶፕ ከአካውንቱ ወጥቶ ተመልሶ ገብቷል፣ አንድ ሰው ደግሞ ፎልደሩን ኮፒ አድርጎ «አዲሱ» ብሎታል፣ ከዛ «አዲሱ የመጨረሻ» የሚልም ተጨምሯል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ክፉ ልማድ ነው፣ ሲንክ (ማመሳሰሉ) እምቢ ሲል ፎልደር ማባዛት ችግሩን አይፈታም፣ የቱ እንደሚታመን የማይታወቅ ሦስት ፎልደር ነው የሚያስቀረው።

መጀመሪያ ማወቅ የፈለግኩት ችግሩ በየትኛው በኩል እንደሆነ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩ ይመስለዋል፣ አይነጋገሩም። የቃሊቲው ከክላውዱ ጋር፣ ማለትም ፋይሉ ከሚቀመጥበት የኢንተርኔት ሰርቨር ጋር ያወራል፣ የመርካቶውም ከክላውዱ ጋር ያወራል፣ በቃ። ስለዚህ መሀሉ ላይ ቆሞ ማየት ነው፣ ማለትም አካውንቱን በብራውዘር ከፍቶ እዛ ላይ ምን እንደደረሰ ማየት። እኔ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ስቶር ኪፐሩ ጋ ደውዬ «ወንድሜ ኖትፓድ ክፈትና የቃሊቲ ሙከራ ብለህ ሴቭ አድርግልኝ» አልኩት፣ ሴቭ አድርጎ ስልኩን ሳይዘጋው ፋይሉ ስልኬ ላይ መጣ። እዛው መርካቶ ዴስክቶፕ ላይ «የመርካቶ ሙከራ» ብዬ ሴቭ አደረግኩ፣ ፋይሉ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ሰማያዊ ቀስቶች መሽከርከር ጀመሩ፣ ይሽከረከራሉ ይሽከረከራሉ፣ ክላውዱ ላይ ግን ምንም የለም። የቃሊቲው ሙከራም ወደዚህ አልወረደም። በዚህ ብቻ ግማሹ መንገድ አለቀ፣ ቃሊቲ ሰላም ነው፣ በሽተኛው የመርካቶው ነው። ይሄን ሙከራ ሳይሠሩ ነበር የቃሊቲውን ላፕቶፕ ሲያስወጡ ሲያስገቡ የከረሙት።

እግረ መንገዴን ምልክቶቹን ልናገር ምክንያቱም የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነው። ሰማያዊ ደመና ከሆነ ፋይሉ ክላውዱ ላይ ነው ያለው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ ብቻ ነው፣ ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም። ባዶ ክብ ውስጥ አረንጓዴ ራይት ካለ ወርዷል ግን ቦታ ሲጠብ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ሙሉ አረንጓዴ ክብ ውስጥ ነጭ ራይት ካለ ሁሌም ኮምፒውተሩ ላይ እንዲቆይ ታዟል። ሁለት ቀስት ማለት እየሞከረ ነው፣ ቀይ ኤክስ ማለት እምቢ ብሏል። እዚህ ቤት የነበረው ቀስት ነው፣ ለዛም ነው «እየሠራ ነው ትንሽ እንጠብቅ» እየተባለ የተከረመው።

ከዛ የተለመዱትን አየሁ። ቦታ ሞልቶ እንደሆነ አየሁ፣ አልሞላም፣ የድርጅት አካውንት ስለሆነ 1 ቴራባይት አለው፣ ነፃው አካውንት ቢሆን 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ እሱን መጠርጠር ተገቢ ነበር። ሲንኩ ፖዝ ተደርጎ እንደሆነ አየሁ፣ አልተደረገም። ኔትወርኩ ሚተርድ (ዳታው ተቆጥሮ የሚከፈልበት) ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ አየሁ፣ ይሄ እኛ ሀገር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ መብራት ሲጠፋ ከስልክ ሆትስፖት እንጠቀምና ዊንዶውሱ ላይ ሚተርድ የሚለውን እናበራዋለን ዳታ እንዳይጨርስ፣ ያኔ ዋን ድራይቭ ራሱን ያቆማል። እሱም አይደለም። የፋይል ስሞቹንም አየሁ። ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያዘመመ ሰረዝ አይፈቀድም፣ የደብዳቤ ቁጥራችን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሰረዝ ስለሆነ ከማክ የመጣ ፋይል እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ይቆማል፣ እዚህ ቤት ግን ማክ የለም። የፎልደር ጥልቀትም አለ፣ ዋን ድራይቭ ከነፎልደሩ የአንድ ፋይል ሙሉ አድራሻ ከ400 ፊደል እንዲበልጥ አይፈቅድም፣ ብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ደግሞ አሁንም 260 ላይ ይቆማሉ፣ ያው «አዲሱ የመጨረሻ» ውስጥ «አዲሱ» እየተከተተ ሲሄድ ይረዝማል፣ ግን ገና አልደረሰም። አንድ ነገር ደግሞ፣ «በአማርኛ ፋይል ስለሰየምን ነው» የሚል ሰው እዛም አላጣሁም። አይደለም። የአማርኛ ስም ያለምንም ችግር ይሄዳል፣ ከቃሊቲ የመጣው ሙከራ ራሱ በአማርኛ ነው የተሰየመው፣ ይሄ ወሬ ሰዎች ፋይላቸውን በላቲን ፊደል በግምት እየጻፉ በኋላ ፈልገው እንዲያጡት ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም።

አንድ እውነተኛ ችግር እዚህ ጋ አገኘሁ፣ ዋናው ባይሆንም። ሒሳብ የምትይዝበት ፕሮግራም፣ የፒችትሪ፣ ዳታ ፎልደር ራሱ ሲንክ የሚደረገው ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ፒችትሪ ዳታቤዝ ነው፣ እየሠራ እያለ ፋይሎቹን ከፍቶ ይዟቸዋል፣ ሲንክ የሚያደርግ ፕሮግራም ደግሞ የተያዘ ፋይል ማንሳት አይችልም፣ ቢያነሳም አንዱን ፋይል ከጠዋት አንዱን ከሰዓት በኋላ ያነሳና የማይገጣጠም ነገር ይሆናል። በየትኛውም ክላውድ ቢሆን የሚሠራ ዳታቤዝ እንደዚህ አይቀመጥም። ፎልደሩን ከዛ አወጣነው፣ በምትኩ ፒችትሪ ራሱ ባካፕ ሲደረግ የሚያወጣውን አንዱን የፒቲቢ ፋይል ማታ ማታ ፎልደሩ ውስጥ እንድታስቀምጥ ተነጋገርን። ለመሄድ የሚጠብቀው የፋይል ወረፋ ትንሽ ቀለለ እንጂ ቀስቶቹ አልቆሙም።

ከዛ ነው አካውንቱን በእሷ ኮምፒውተር ብራውዘር ልክፈተው ያልኩት። ገጹ አልተከፈተም፣ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ። እሷ አጠገቤ ሆና «አዎ፣ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ሳልመልሰው ስገባ እንደዛ ይላል» አለችኝ፣ በጣም በተለመደ ነገር ድምፅ።

ስክሪኑ ታች ጥግ ላይ የተጻፈው ቀን 05/11/2016 ይላል። ቀኑ ሐምሌ 5 ነበር። ሐምሌ ደግሞ 11ኛ ወራችን ነው፣ ዓመቱም 2016 ነው። እዛ ቢሮ የገባ ሁሉ ይሄን ቁጥር አይቶታል፣ ማንም ያልደነገጠው ልክ ስለሆነ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ይሄን የሚያነበው ኖቬምበር 5 ቀን 2016 ብሎ ነው፣ እውነተኛው ቀን በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 12 ቀን 2024 ሆኖ ሳለ። ወደ ስምንት ዓመት ሊጠጋ ትንሽ የቀረው ወደ ኋላ።

ባትሪ ነው እንዳልል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ወደ ፋብሪካው መነሻ ነው የሚመለሰው፣ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ምናምን ይሆናል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ እንደገና እዛው። ይሄኛው ቀኑን እየቆጠረ የሚሄድ፣ ሰዓቱም ደቂቃው ሳይቀር ልክ የሆነ ነው። ሰው ያስተካከለው ነው።

ለምን እንዳደረገችው ስትነግረኝ ሙሉ በሙሉ ተረዳኋት። ድርጅቱ ሒሳቡን የሚይዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ደረሰኙም ቫውቸሩም በኛ ቀን ነው፣ ፒችትሪ ላይ አዲስ ነገር ስትመዘግብ ቀኑን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ስለሚያመጣ ኮምፒውተሩን በኛ ቀን ካደረገችው እያንዳንዱ ምዝገባ ላይ ቀን መቀየር አይጠበቅባትም፣ ሪፖርት ስታትምም የሚወጣው በኛ ቀን ነው። ከሷ በፊት የነበረው ሒሳብ ሠራተኛም እንደዛ ነበር የሚያደርገው፣ ሥራውን ሲያስረክብ ይሄንንም አሳይቷት ነው የሄደው። ዊንዶውሱ ላይ ቀኑ አውቶማቲክ ይሁን የሚለው ጠፍቷል፣ በእጅ ይሞላል።

በእጅ የሚሞላውም በየወሩ ነው ምክንያቱም ይሸሻል። የኛ ወር ሁሌም 30 ነው፣ የነሱ 31 ሲሆን ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል፣ ትገፋዋለች። ጥቅምት 2ኛ ወር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ፌብሩዋሪ ነው የሚለው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 29፣ ስለዚህ ጥቅምት 30 የሚባል ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ጭራሽ መጻፍ አይቻልም። ጥቅምት 30 ማለት ደግሞ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የዓመቱን ሒሳብ የሚያቀርብበት የመጨረሻው ቀን ነው። ጳጉሜን ወደ ነሐሴ ትጨምረዋለች። ይሄን ሁሉ በቃሏ ይዛ በየወሩ ስታስተካክል የኖረች ልጅ ነች፣ ስንፍና ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

አሁን ሲንኩን የገደለው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ኮምፒውተሩ ከክላውዱ ጋር ሲገናኝ ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት ያሳየዋል፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ተጽፏል። በ2024 የወጣ ሰርተፍኬት 2016 ላይ ላለ ኮምፒውተር ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነው፣ አይቀበለውም። ብራውዘሩ አልቀበልም ብሎ በቀይ ይነግርሃል፣ ዋን ድራይቭ ግን ጀርባ ላይ ስለሚሠራ ቀስቱን እያዞረ ደጋግሞ ይሞክራል።

«አንዳንዴ ይሠራል» የሚለውም ተፈታ። ቫት ለማሳወቅ ኦንላይን መግባት ስላለባት ያኔ ብራውዘሩ እምቢ ስለሚላት ቀኑን ወደ ፈረንጅ ትመልሳለች፣ ጨርሳ እስክትቀይረው ድረስ ዋን ድራይቭ መንገድ ያገኛል፣ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይወጣል በአንዴ ይወርዳል። ከዛ ቀኑ ሲመለስ ይዘጋል። ቫት የሚታወቅበት ሰሞን ሲንኩ ለምን ደህና እንደሚሆን ማንም አያይዞት አያውቅም ነበር።

ይቺ በር የምትከፈትባት አጭር ጊዜ ናት ዳታውን ያጠፋችው። ከቆጠራው በኋላ እሷ የስቶክ ኤክሴሉ ላይ የቆጠራ ማስተካከያ ስታስገባ ሲንኩ ዝግ ነበር። በዛው ጊዜ ስቶር ኪፐሩ እዛው ፋይል ላይ ወጪ ሲመዘግብ ነበር። በሩ ሲከፈት ክላውዱ ሁለት የተለያየ የአንድ ፋይል ቅጂ አገኘ፣ ማዋሃድ ስላልቻለ ሁለቱንም አስቀመጠ፣ አንደኛው ስም መጨረሻ ላይ የሷን ኮምፒውተር ስም ጨመረበት። ስቶር ኪፐሩ ጠዋት ሲገባ ሁለት ፋይል አየ። የተቀየረበትን ቀን አየ፣ አንዱ 2024 ይላል አንዱ 2016። የሱ ላፕቶፕ ቀኑ በፈረንጅ ነው ስለዚህ 2016 ለሱ የድሮ ነው፣ የድሮውን ፋይል ማን አመጣው ብሎ አጠፋው። ያጠፋው ከሁለቱ የቆጠራው ማስተካከያ ያለበትን ነው። ማጥፋትም ሲንክ ይደረጋል፣ ከክላውዱም ከመርካቶውም ጠፋ። እሱ ያየውን አይቶ የወሰነው ትክክል ነው፣ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ቀን ነው የዋሸው።

ፋይሉን ያገኘነው በብራውዘር ከዋን ድራይቩ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ነው። የድርጅት አካውንት ከሆነ የጠፋ ነገር እዛ ውስጥ 93 ቀን ይቆያል፣ የግል ከሆነ 30 ቀን ብቻ። እዚህ ጋ የማሳስበው ነገር፣ ዳታ ጠፋ ስትባል መጀመሪያ የምትሄድበት ቦታ ይሄ ነው፣ ፕሮግራም ማጥፋትና መጫን በኋላ ይደርሳል።

መመለሱ ግን መጨረሻው አይደለም ምክንያቱም ሁለቱም ፋይሎች ልክ አይደሉም። አንድ መስመር ላሳይ፣ የግማሽ ኢንች ኤልቦ (የቧንቧ ማጠፊያ)። ከቆጠራው በፊት መዝገቡ 412 ይል ነበር። ቆጠራው 24 ጎድሎ አገኘ፣ ስለዚህ የሷ ፋይል 388 ይላል። ስቶር ኪፐሩ ከቆጠራው በኋላ 30 አውጥቷል፣ ማስተካከያው ስላልደረሰው የሱ ፋይል 382 ይላል። ትክክለኛው 358 ነው፣ መደርደሪያው ላይ የተንጠለጠለው ቢን ካርድም 358 ነው የሚለው። የቱን እንያዝ ብሎ መምረጥ አይሠራም፣ የሁለቱንም እንቅስቃሴ መደመር ነው። ሥራ አስኪያጁ «የቅርቡን ያዙና ቀጥሉ» ብለው ነበር፣ ይቺን መስመር ሳሳያቸው ግን «በሉ እንግዲህ አንድ በአንድ ይታይ» አሉ። ሁለቱ ልጆች ከቢን ካርዱ ጋር እያመሳከሩ መስመር በመስመር ሠሩት፣ ቢን ካርድ በእስክሪብቶ የሚሞላ ነገር ነው ብሎ የናቀው ሁሉ ያን ቀን አመስግኖታል።

ማስተካከሉን በቅደም ተከተል ነው ያደረግነው ምክንያቱም ቀኑን ዝም ብሎ መመለስ ያንን በር እንደገና መክፈት ነው፣ ሌላ ግጭት ያመጣል። መጀመሪያ የመርካቶውን ፎልደር እንዳለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥን። ስቶር ኪፐሩ ኤክሴሉን ዘግቶ እንዳይነካው ደወልንለት። ዋን ድራይቩን አጠፋነው። ከዛ የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት ገብተን አውቶማቲክ የሚለውን አበራን፣ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ አደረግነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ የሚል የለም፣ ናይሮቢ ሦስት ሰዓት ፕላስ ስለሆነ የኛው ነው። ቀኑ ሲስተካከል ዋን ድራይቩን አስነሳን፣ ቀስቶቹ ትንሽ ዞሩና አረንጓዴ ሆኑ፣ የመርካቶ ሙከራ ያልኩት ፋይል ስልኬ ላይ መጣ። ግጭት ያመጡትን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍተን አጠራን፣ «አዲሱ» እና «አዲሱ የመጨረሻ» ውስጥ ያለውን አይተን ወደ አንዱ ሰበሰብነው።

የቀረው የቀን ጉዳይ ነው፣ ይሄን ሳይፈቱ መሄድ አይቻልም ምክንያቱም ልጅቷ ነገም በኛ ቀን ቫውቸር ማውጣት አለባት። ሥራ አስኪያጁም «ታዲያ በራሳችን ቀን መሥራት አንችልም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ጋሼ ይቻላል፣ ሰነዱ ላይ ይጻፋል፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ግን አይነካ» አልኳቸው። ጥያቄያቸው ግን ልክ ነው። በራሱ ዘመን አቆጣጠር ሒሳብ የሚዘጋ ሀገር ውስጥ ዊንዶውሱ ጥግ ላይ የራሷን ቀን የሚያሳይ ምርጫ ባለማግኘቷ ነው ሰዓቱን የነካችው፣ ሶፍትዌር የምንሠራ ልጆች ልናስብበት የሚገባ የሥራ ክፍተት ነው፣ እኔ የምር ያሳዝነኛል።

አሁን ፒችትሪ ላይ ቀኑን እያንዳንዱ ምዝገባ ላይ በእጇ ትሞላለች፣ ይቆጠቁጣል ግን ለምዳዋለች። ኤክሴሉ ላይ ለኢትዮጵያ ቀን የራሱ አምድ ሠራንለት፣ ቀን ወር ዓመት ለየብቻ በቁጥር፣ ኤክሴሉ እንደ ቀን እንዳያየው ተደርጎ፣ ስለዚህ ጥቅምት 30ም ጳጉሜ 3ም ይጻፋል። ፋይል ሲሰየምም የኛ ቀን ስሙ ላይ ይገባል፣ ዓመት ከዛ ወር ከዛ ቀን፣ ባዘመመ ሰረዝ ሳይሆን በአጭር ጭረት፣ ሲደረደርም በቅደም ተከተል ይደረደራል። የስቶክ ኤክሴሉን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሞላው፣ ስቶር ኪፐሩ፣ እሷ የምታስገባው ማስተካከያ በሌላ ሺት ሆኖ ይመጣለታል።

ከሷ በፊት በነበረው ሰው ጊዜ የተሠሩት ፋይሎች በሙሉ የተሳሳተ ቀን ነው የያዙት፣ 2014 እና 2015 የሚሉ። እነሱን አልነካናቸውም ምክንያቱም እንደገና ሴቭ ብናደርጋቸው ሁሉም የዛሬ ቀን ይይዙና ኦዲተሩ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ለብቻቸው አንድ ፎልደር ውስጥ ገብተዋል፣ ውስጡ አንድ አጭር ጽሑፍ አለ፣ እዚህ ያሉት ፋይሎች የተቀየሩበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ይላል።